ያውቁ ኖሯል? ባለ ቃታው ዓሣ፤ ከቀይ ባሕር እስከ ሳሎን

ትሪገርፊሽ የሚባለው የባሕር ዓሣ ጀርባው ላይ ቃታ እንዳለው ያውቁ ኖሯል? የፊተኛው የጀርባ ክንፉ ሦስት እሾሆች አሉት። ሲደነግጥ ወይም ሊተኛ ሲዘጋጅ ዓለት ስንጥቅ ውስጥ ይገባና ትልቁን የፊት እሾህ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ሁለተኛው እሾህ ደግሞ ከኋላ ይሸጎርበታል። ከዚያ ወዲያ ትልቁን እሾህ ቢገፉት፣ ቢጎትቱት፣ ቢታገሉት ንቅንቅ አይልም። ትንሹን ሁለተኛ እሾህ በጣት ጫፍ ጫን ሲያደርጉት ግን ትልቁ ወዲያው ይተኛል። ስሙን ያገኘው በዚሁ ነው። እኛም በዚህ ዓምድ ባለ ቃታ ዓሣ እንለዋለን።

ሆዱ ሥር ሌላ አጥንት አለው። ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ ያን አጥንት ወደ ታች ይዘረጋል። ከላይም ከታችም ራሱን ስለሚወጥር ትልልቅ አሳዳጅ ዓሦች ሊያወጡት አይችሉም። ሌሊቱንም እንዲሁ ተቆልፎ ያድራል።

የባለ ቃታ ዓሦች ቤተሰብ ወደ 40 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት። አብዛኞቹ በሞቃት ባሕሮች ይኖራሉ። ከመካከላቸው ትልቁ በምሥራቃዊው ሰላማዊ ውቅያኖስ የሚኖረው ሲሆን ርዝመቱ 1 ሜትር ይደርሳል።

ጭላዳንና ዋልያን በሳይንስ መዝገብ ላይ ያሰፈረው ሰው፣ ዛሬ በብዙ አገር ሳሎኖች ውስጥ በዓሣ ገንዳ የሚዋኘውን ቀይ ጥርሱን ባለ ቃታ ዓሣም እንደመዘገበ ያውቁ ኖሯል? ሰውየው የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፐል ነው። በ1831 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ምጽዋ ደረሰ። ከዚያ ወደ ስሜን ተራሮችና ወደ ጎንደር ዘለቀ። አገሩ ሲመለስ ያሳተመው ትልቅ ሥራ በአቢሲኒያ የሚገኙ አዳዲስ ባለ አከርካሪ እንስሳትን የሚመለከት ነበር። ጭላዳና ዋልያ በ1835 በዚያ ሥራ ውስጥ ተገለጹ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1836፣ እዚያው ሥራ ውስጥ ባለው የቀይ ባሕር ዓሦች ክፍል ኦዶኑስ ኒገር ተከተለ። ከደጋ ገደል ጫፍ እስከ ባሕር ውስጥ ዓለት የደረሰ አንድ ሥራ ነው። የእኛ አንባቢ ሩፐልን ከተራራው እንስሳት ጋር ብቻ ማያያዙ ሁልጊዜ ይቆጨኛል፤ የባሕሩ ሥራው ከዚያ አያንስምና።

ይህ ኦዶኑስ ኒገር አካሉ ከሐምራዊ እስከ ጥቁር ሰማያዊ ይሄዳል፤ ጥርሶቹ ግን ቀይ ናቸው። በቀይ ባሕር የኮራል ዳርቻ በመንጋ ሆኖ ውኃው የሚያመጣለትን ጥቃቅን ምግብ ይለቅማል። ጠላቂ ሲጠጋው መንጋው በሙሉ ወደየጉድጓዱ ይወረወራል። ያኔ በዓለቱ ላይ የሚታየው ሹካ መሳይ የጭራ ጫፍ ብቻ ነው። ጭራው ውጭ መቅረቱ አያሳስበው፤ እሾሁን ቆልፏል።

በአፍሪካ የኒጀርን ወንዝ ጉዞ በማጥናት ስሙ የገነነው ስኮትላንዳዊው ሙንጎ ፓርክም ባለ ቃታ ዓሣ እንደመዘገበስ ያውቁ ኖሯል? ወደ አፍሪካ ከመምጣቱ በፊት የመርከብ ሐኪም ሆኖ ሱማትራ ሄዶ ነበር። ከዚያ ያመጣቸውን ስምንት ዓሦች የገለጸበት ጽሑፍ በ1797 ታትሟል። ከስምንቱ አንዱ ብርቱካንማ መስመሮች ያሉት ባሊስታፑስ ኡንዱላቱስ ነው። የዚህን ዓሣ ስም ያስታውሱት፤ ወደ ታች በሁለት ምክንያት ይመለሳል።

የቀይ ባሕሩ ፒካሶ ባለ ቃታ ዓሣ ደግሞ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው ከአንድ አሳዛኝ ጉዞ ነው። ፔተር ፎርስኮል የተባለው ሊቅ የዴንማርክ ንጉሥ ወደ ዓረቢያ በላከው ቡድን ውስጥ ሆኖ የቀይ ባሕርን ዓሦች ሲያጠና በ1763 በየመን ሞተ። ከቡድኑ በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ነበር። የጓደኛውን ማስታወሻ በ1775 አሳተመለት። ሪኔካንቱስ አሳሲ ዛሬም በፎርስኮል ስም የተመዘገበ ነው። ይህ ዓሣ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ይኖራል። በእስራኤል የምትኖሩ ወገኖች ኢላት ወርዳችሁ በባሕር መነጽር ብቻ ጥልቀት በሌለው ውኃ ልታዩት ትችላላችሁ።

የሃዋይ ግዛት ዓሣ ስም ሁሙሁሙኑኩኑኩዋፑዋአ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? እሱም ባለ ቃታ ዓሣ ነው። በ1985 የተሰጠው ማዕረግ ለአምስት ዓመት ብቻ የሚያገለግል ነበር፤ በ2006 ግን ቋሚ ሆነ።

ባለ ቃታ ዓሣ ጭራውን ሳያንቀሳቅስ ይዋኛል። ከኋላ በኩል በጀርባውና በሆዱ ያሉትን ሁለት ሰፋፊ ክንፎች እንደ ማዕበል እያወዛወዘ ወደ ፊት ይሄዳል። ማዕበሉን ገልብጦም ወደ ኋላ ይሄዳል። ጭራውን የሚያወጣው ሲሸሽና ሲያጠቃ ነው።

ዓይኖቹ ደግሞ ከአፉ በጣም ርቀው፣ ከፍ ብለው ወደ ጀርባው ተጠግተው ነው ያሉት። እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው ይዞራል። ርቀቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሚወደው ምግብ የባሕር ጃርት ነው።

የባሕር ጃርት እንዴት እንደሚበላ አይተው ያውቃሉ? ረጃጅም መርፌ የመሰሉ እሾሆች የታጠቀ እንስሳ ነው፤ በላይ በኩል ለመንከስ የሚሞክር ሁሉ ፊቱን ይወጋል። ባለ ቃታ ዓሣ ግን ወደ አሸዋው ዝቅ ብሎ አፉን ያሾላል፤ ከዚያ ብርቱ የውኃ ፍላጻ ከጃርቱ ሥር ይተፋል። ጃርቱ ካልተገለበጠ እንደገና ይተፋል። አሁንም ካልሆነለት አንዱን እሾህ በጥርሱ ይዞ ወደ ላይ ያነሳውና ይለቀዋል። ጃርቱ ሲወርድ ሆዱ ወደ ላይ ከሆነ ነገሩ አለቀ። በሆዱ በኩል እሾሁ አጭር ነው፤ የአፉ ዙሪያ ለስላሳ ነው። ዓሣው እዚያ ላይ በኃይል ነክሶ ውስጡን ይበላል። በዙሪያው የተሰበሰቡ ትናንሽ ዓሦች ፍርፋሪውን ይሻማሉ። ይህን የሚያደርግ ዓሣ በገንዳዎ ውስጥ ያለውን ቀንድ አውጣና ሸርጣን ምን እንደሚያደርገው ከዚሁ ይገምቱ።

አሁን ወደ ሙንጎ ፓርክ ዓሣ እንመለስ። በኬንያ የባሕር ዳርቻ ለብዙ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች የባሕር ጃርት ዋነኛ ጠላት ይኸው ባሊስታፑስ ኡንዱላቱስ መሆኑን አሳይተዋል። ዓሣ አስጋሪዎች እሱን ባሟጠጡበት ቦታ የባሕር ጃርት ይበዛል። የባሕር ጃርት ሲበዛ ደግሞ ዓለቱን እየፋቀ ይጨርሰዋል፤ ኮራሉም አብሮ ይሄዳል። እንደ ማሊንዲ ባሉ ጥብቅ የባሕር ፓርኮች ውስጥ ዓሣው ስለሚበዛ ጃርቱ ጥቂት ነው። አዲስ በተከለሉ ቦታዎች ግን የዓሣው ቁጥር የሚያገግመው በጣም በዝግታ ነው። በሳሎን ውስጥ ጠበኛ ተብሎ የሚጠላው ይህ ዓሣ በገዛ ባሕሩ የኮራል ጠባቂ ነው። የዚህን ዓሣ ባሕርይ በሚያወግዙ ሰዎች ፊት ይህን ሳልናገር አላልፍም።

በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለፒካሶ ባለ ቃታ ዓሣ የዓይን ምርመራ እንዳደረጉለትስ? ለሰው የቀለም መለየት ችግር መመርመሪያ የሚውለውን በነጠብጣብ የተሞላ ሥዕል የመሰለ ፈተና አዘጋጁለት። ዓሣው ቀለሙ ከሌሎቹ የተለየውን ነጠብጣብ በአፉ ይነካል፤ በትክክል ከነካ ምግብ ይሰጠዋል። ትምህርቱ ገባው፤ ፈተናውንም ሠራ። እኛ ቤት ውስጥም የሚመግበውን ሰው ከሌላው የሚለየው፣ ክዳኑ ሲነሳ አፉን ከውኃው በላይ አውጥቶ የሚጠብቀው በዚሁ ንቃቱ ነው።

ድምፅም ያወጣል። በክንፉ ሥር ያሉ ጠንካራ ቅርፊቶች ወደ አየር ከረጢቱ የተጠጉ ናቸው፤ ክንፉን በእነሱ ላይ ሲመታ የከበሮ ዓይነት ድምፅ ይሰማል። ከውኃ ሲወጣ ደግሞ ያጉረመርማል።

ብዙዎቹ ዝርያዎች አሸዋ ላይ ጎጆ ይቆፍራሉ። እንቁላሉ ጎሕ ሲቀድ ገደማ ይጣላል፤ በዚያው ቀን ፀሐይ ከገባች በኋላ ይፈለፈላል። ለአንድ ቀን ብቻ የሚሆን ጥበቃ ነው፤ ግን ምን ዓይነት ጥበቃ! 75 ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው ታይታን ባለ ቃታ ዓሣ በጎጆው ላይ የመጣን ጠላቂ ይነክሳል፤ የመዋኛ ጫማ እስኪበሳ ድረስ ያሳድዳል። የሚጠብቀው ክልል ከጎጆው ወደ ላይ እየሰፋ ይሄዳል፤ ስለዚህ ያጋጠመው ሰው ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን መዋኘት አለበት።

ከዚህ በኋላ ያለው ቤታቸው ውስጥ የኮራል አኳሪየም ላላቸው ወይም ሊጀምሩ ላሰቡ ነው።

ባለ ቃታ ዓሣ ከኮራል ጋር አይኖርም የሚባለው ነገር ግማሹ ብቻ እውነት መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ቁም ነገሩ ዝርያው በባሕር ውስጥ ምን ይበላል የሚለው ነው። ታች አሸዋና ዓለት ላይ ዛጎል እየሰበሩ የሚኖሩት በገንዳ ውስጥም ይሰብራሉ። ውኃው መሐል ተንሳፍፈው ፕላንክተን የሚለቅሙት ግን ኮራሉን አይነኩትም። በዚህ ወገን ያሉት ዛንቲክቲስ የሚባሉት፣ ሜሊክቲስ የሚባሉትና ከላይ ያነሳነው ቀይ ጥርሱ ኦዶኑስ ናቸው። አፋቸውን ይመልከቱ፦ የነዚህ አፍ ከዛጎል ሰባሪዎቹ ይልቅ ወደ ላይ የዞረ ነው፤ ምግቡን ከፊቱ ከሚያልፈው ውኃ ስለሚይዝ።

ለቤት የኮራል ገንዳ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ያለማመንታት ጉሮሮ ሰማያዊውን ዛንቲክቲስ አውሮማርጊናቱስን እመርጣለሁ። ወንዱ ጉሮሮው ላይ ሰማያዊ፣ ክንፎቹ ዳር ላይ ቢጫ ጥለት አለው፤ ሴቷ ያለዚህ ጌጥ ግራጫ ናት። ወንድና ሴት በዓይን ስለሚለዩ ጥንድ አድርጎ መግዛት ይቻላል፤ በባለ ቃታ ዓሦች ዘንድ ይህ ብዙ ጊዜ የማይገኝ ዕድል ነው። ሁለቱን አብሮ ወይም ሴቷን አስቀድሞ ማስገባት ይሻላል። አደጉ ሲባልም ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ናቸው። ቢሆንም ትናንሽ ሽሪምፖችን ከነሱ ጋር የሚያኖር ሰው ጥቂቱ ሊበላበት እንደሚችል ዐውቆ ይግባ።

በዓሣ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ሰውን ሁሉ የሚያቆመው ክላውን ባለ ቃታ ዓሣ ነው። ጥቁር ገላ፣ ሆዱ ላይ ትልልቅ ነጭ ክቦች፣ ቢጫ ከንፈር። ሲሸጥ ከጣት አይበልጥም። ሲያድግ ግን 50 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ለዓመታት በሰላም አብረውት የኖሩትን ዓሦች አንድ ቀን ተነሥቶ መግደል ይጀምራል። ሸርጣኑን፣ ቀንድ አውጣውን፣ ሽሪምፑን ከዚያ በፊት ጨርሷል። ለትልቅ ሰፊ ገንዳ፣ ከብርቱ ዓሦች ጋር ወይም ለብቻው ለሚያኖረው ሰው ግሩም ዓሣ ነው። ለኮራል ገንዳ ግን አይሆንም፤ በዚህ ላይ አልደራደርም።

የሙንጎ ፓርኩ ኡንዱላቱስ ለሁለተኛ ጊዜ፦ ከሁሉም ይበልጥ ጠበኛ ስለሆነ ለብቻው ካልሆነ አይያዝ። ኮራልም ይነክሳል።

ፒካሶዎቹ በመሐል ናቸው። ኮራሉን አብዛኛውን ጊዜ ይተዉታል፤ ሸርጣንና ሽሪምፕ ግን አይምሩም።

ለትናንሾቹ ዝርያዎች እንኳ ወደ 500 ሊትር የሚይዝ፣ ረጅም ገንዳ ያስፈልጋል። ቀኑን ሙሉ የሚዋኙ ናቸውና ከከፍታው ይልቅ ርዝመቱ ይበልጥ ይጠቅማቸዋል። ለክላውኑ የዚህን እጥፍ ያስቡ።

አዲስ የጨው ውኃ ገንዳ ዓሣ ከመግባቱ በፊት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መቆየት እንዳለበት ያውቁ ኖሯል? በእነዚያ ሳምንታት ዓለቱ ላይ ሁለት ዓይነት ባክቴሪያ ይራባል። አንደኛው መርዛማውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት ይለውጣል፤ ሁለተኛው ናይትራይቱን ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጣል። አሞኒያውና ናይትራይቱ ዜሮ ሳይሆኑ ዓሣ ማስገባት ዓሣውን መግደል ነው።

ኮራልና ዓሣ አብረው የሚኖሩበት ውኃ ጨውነቱ በሊትር 35 ግራም አካባቢ፣ ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን። ካልሲየሙ በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊ ግራም ቢሆን ኮራሉ አጥንቱን ይሠራል። የሰሜኑ ቀይ ባሕር ጨውነት ወደ 40 ግራም ይደርሳል፤ ነገር ግን ከዚያ የመጡ ዓሦች ቀስ በቀስ ከለመዱ በ35ቱ ደህና ይኖራሉ። የቧንቧ ውኃን ዝም ብሎ ጨው በጥብጦ መጠቀም አይቻልም፤ አስቀድሞ በሪቨርስ ኦዝሞሲስ ማጣሪያ ማለፍ አለበት።

ባለ ቃታ ዓሣ ብዙ ይበላል፤ ብዙም ያቆሽሻል። ከኮራል ጋር ሲሆን ችግሩ ንክሻው ብቻ አይደለም፤ ናይትሬትና ፎስፌት ሲከማች አልጌው ኮራሉን ይውጠዋል። ስለዚህ ቆሻሻውን በአረፋ የሚያወጣው ፕሮቲን ስኪመር ለገንዳው መጠን ከተጻፈው ከፍ ያለ ቢሆን ገንዘቡ አይባክንም። ብዙ ሰው ገንዘቡን በመብራት ላይ ይጨርስና እዚህ ላይ ይቆጥባል፤ ተሳስቷል።

ምግቡስ? ለፕላንክተን በሎቹ ማይሲስ ሽሪምፕና ክሪል፣ ተቆራርጦ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በትንሽ በትንሹ። ለዛጎል ሰባሪዎቹ ከነዛጎሉ ያለ ክላምና ከነቅርፊቱ ያለ ሽሪምፕ በየጊዜው ይስጧቸው፤ ጠንካራው ነገር ጥርሳቸው ከልክ በላይ እንዳያድግ ይሞርድላቸዋል። ክላሙን ከፍተው አሸዋው ላይ ያስቀምጡና ይመልከቱ፦ በመጀመሪያ ይዞረዋል፤ ከዚያ ውኃ ይተፋበታል፤ ከዚያ ዳሩን ይዞ ገንዳው ውስጥ ይዞራል። ለዓሣ ምግብ ተብለው የሚሸጡትን ሕያው ወርቃማ ዓሦች ግን አይስጧቸው፤ ለባሕር ዓሣ የሚስማማ ምግብ አይደሉም፤ በሽታም ያመጣሉ።

ባለ ቃታ ዓሣን በመረብ ማውጣት ስህተት መሆኑን ያውቁ ኖሯል? መረቡ ሲነካው እሾሁን ይቆልፋል። እሾሁ የመረቡን ቀዳዳ ይዞ ይቀራል፤ ሰው ደግሞ በድንጋጤ ይጎትታል፤ ክንፉ ይቀደዳል። የሚሻለው ሰፋ ያለ ንጹሕ የፕላስቲክ ዕቃ ገንዳው ውስጥ አስገብቶ ዓሣውን በእርጋታ ወደዚያ መንዳት ነው። መረብ ውስጥ ተይዞ ከተገኘ ግን ዓሣው ከውኃ ሳይወጣ ሁለተኛውን ትንሽ እሾህ ፈልገው ጫን ያድርጉ፤ ትልቁ ሲተኛ መረቡ በራሱ ይለቃል። ዓለት ስንጥቅ ውስጥ ከገባ ደግሞ አይጎትቱት። ዓለቱን ከነዓሣው ያንሱ፤ ወይም መብራቱን አጥፍተው ይጠብቁት፤ ሲረጋጋ ይወጣል።

የማሞቂያውን ገመድ ይነክሳል። ማሞቂያው መከላከያ ይኑረው፤ ከተቻለም ከዋናው ገንዳ ውጭ በማጣሪያው ክፍል ውስጥ ይቀመጥ። በገንዳው ላይ ክዳን ወይም ወንፊት ይኑር፤ የደነገጠ ዓሣ ይዘላል።

ነጭ ነጠብጣብ በሽታ የያዘውን ዓሣ ኮራል ባለበት ገንዳ ውስጥ በመዳብ ማከም አይቻልም። መዳብ ኮራሉንም፣ ቀንድ አውጣውንም፣ ሽሪምፑንም ይገድላል። አዲስ ዓሣ ሁሉ በቅድሚያ ለሳምንታት በተለየ ገንዳ ይቆይ፤ ሕክምናም ካስፈለገ እዚያው ይሁን። ቆይታው ምግብ እንዲለምድም ይረዳዋል።

ከገንዳው ነዋሪዎች ሁሉ መጨረሻ የሚገባው ባለ ቃታ ዓሣ ይሁን። ቀድሞ የገባ ዓሣ ገንዳውን በሙሉ የራሱ ክልል ያደርገዋል፤ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ያባርራል።

በሱቅ ያሉት ባለ ቃታ ዓሦች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከባሕር የተያዙ መሆናቸውንስ ያውቁ ኖሯል? ጫጩቶቻቸው እጅግ ጥቃቅን ናቸው፤ ለሳምንታትም በሰፊው ባሕር ላይ ይንሳፈፋሉ፤ በገንዳ ውስጥ ማሳደጉ ከባድ የሆነው ለዚህ ነው። ስለዚህ በገንዳዎ ያለው ዓሣ አንድ ቀን ከኮራል ዓለት ላይ የተነሣ ነው። ሱቅ ሲገቡ ሻጩን ሁለት ነገር ይጠይቁት። አንደኛ፣ ዓሣው ሲያድግ ስንት ሴንቲ ሜትር ይደርሳል? ሁለተኛ፣ አሁን ከፊቴ ምግብ ስጠውና ሲበላ ልየው። መልሱ ከገንዳዎ ጋር ካልተስማማ፣ ወይም ዓሣው አልበላም ካለ፣ የቱንም ያህል ቢያምር አይግዙት።